ማስተካከያ፦ ኡክርናፍታ በ2015 አልተወረሰም

ስለ ዩክሬናዊው ባለሀብትና የቀድሞ አገረ ገዥ ኢሆር ኮሎሞይስኪ ባወጣነው ጽሑፍ፣ መንግሥት የነዳጅ አምራቹን ኡክርናፍታን በ2015 እንደወረሰ ገልጸን ነበር (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ስህተት ነው።

መንግሥት ቀድሞውንም 50 በመቶ ሲደመር አንድ አክሲዮን ነበረው፤ የኮሎሞይስኪ ቡድን ደግሞ 42 በመቶ ገደማ። ያጣላቸው ምልዓተ ጉባኤ ነው። ሕጉ የባለአክሲዮኖች ስብሰባ እንዲጸና 60 በመቶ ድርሻ ያላቸው እንዲገኙ ይጠይቅ ነበር። አናሳው ወገን ከቀረ ቁጥሩ አይሞላም፤ ስብሰባው ይፈርሳል፤ በእርሱ እጅ ያለው ሥራ አመራርም ባለበት ይቀጥላል። አብላጫ ይዞ እጅን ታስሮ መቀመጥ እንደማለት ነው። ፓርላማው በማርች 2015 መስፈርቱን ወደ 50 በመቶ ሲደመር አንድ አወረደው። አንድም አክሲዮን ከእጅ ወደ እጅ አልተላለፈም። ኮሎሞይስኪ በዚያው ወር ከድኒፕሮፔትሮቭስክ አስተዳዳሪነት ተነሡ።

የአናሳው ድርሻ በመንግሥት የተወሰደው በኖቬምበር 2022፣ በጦርነቱ ወቅት ሕግ መሠረት ነው። በዲሴምበር 2016 ወደ መንግሥት የዞረው የኮሎሞይስኪ ባንክ የነበረው ፕሪቫትባንክ ነበር፤ ሁለቱን ያምታታነው እዚህ ላይ ነው።