ዳንቴል የለበሰ ማድረቂያ

አክስቴ የልብስ ማድረቂያ ማሽን ከገዛች ይኸው ሁለተኛው ክረምት መጣ። ማሽኑ ደህና ነው። አንዲት ጭረት የለበትም። ልብስም አድርቆ አያውቅም።

ይሄን የምጽፈው ላማት አይደለም፤ ላመሰግናት ነው። ዓለም ስንት መሐንዲስ አሰልፎ ያልደረሰበትን የመብራት ቁጠባ፣ እሷ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ በአንድ ዳንቴል ደርሳበታለች።

ነገሩ የተጀመረው አምና ሐምሌ ነው። ዝናቡ አልለቅ ብሎ በረንዳ ላይ የተሰጣው ልብስ ሦስት ቀን ሙሉ እንደረጠበ ከረመ። ካልሲ ከፍሪጅ ጀርባ ገባ። ፎጣ በር ላይ ተሰቀለ። ጋቢው ሁለት ወንበር ይዞ ተንጋለለ። ሳሎኑ ሰልባጅ ተራ መሰለ። ባሏ ጋሼ አንድ ጠዋት በካውያ የደረቀ ሸሚዝ ለብሰው ወጡ። ሸሚዙ ሻግቶ እንደሚሸት ያወቁት ታክሲ ውስጥ አጠገባቸው የተቀመጠችው ልጅ በዚያ ብርድ መስኮት ስትከፍት ነው። ያን ዕለት ማታ "ድራየር ይገዛ!" ተባለ።

በእኛ ደንብ ዕቃ ሊገዛ ሲታሰብ ሰው ሁሉ ይጠየቃል፤ ተጠቅሞበት የሚያውቅ ሰው ሲቀር። ይሄ ትልቅ ጥበብ ነው። የተጠቀመበት ሰው እንከኑን ስለሚያውቅ ደስታ ያበላሻል። ስለዚህ ጎረቤት ተጠየቀች፤ "የጀርመን ከሆነ ዓይንሽን ሳታሺ ግዢ" አለች። ዘበኛው ተጠየቀ፤ "ትልቁን ነው" አለ። ቨርጂኒያ ያለችው ልጇም በስልክ ተጠየቀች፤ "እዚህ የሌለው ሰው የለም፣ በኮንቴይነር ይላክላችሁ?" አለች። የአሜሪካው ማሽን ለ60 ኸርዝ ኤሌክትሪክ የተሠራ መሆኑን፣ የእኛ 50 መሆኑን፣ አንዳንዱም ጭራሽ በጋዝ እንደሚሠራ ማስረዳት ስጀምር ስልኩ ተቋረጠ። ኔትወርክ ነው አሉኝ።

እኔ ሞኙ ደግሞ አንብቤ መጥቻለሁ። ማድረቂያ ሦስት ዓይነት ነው አልኳቸው። አንደኛው እርጥቡን አየር ክንድ በሚያህል ቱቦ ወደ ውጭ ይተፋል። ሁለተኛው ቱቦ አይፈልግም፤ እርጥበቱን መልሶ ውኃ ያደርግና መሳቢያ ውስጥ ያጠራቅማል፣ ሲሞላ መድፋት ነው። ሦስተኛው ሂት ፓምፕ የሚባለው ነው። እንደ ፍሪጅ ኮምፕሬሰር አለው፤ ያንኑ ሙቀት ደጋግሞ ይጠቀምበታል። ቀርፋፋ ነው፣ አንዱን ዙር ለመጨረስ ሁለት ሦስት ሰዓት ሊወስድበት ይችላል። ግን የሚፈጀው መብራት ከሌሎቹ ግማሽ ቢሆን ነው። ሲገዙት ይወደዳል፣ ሲሠሩበት ይረክሳል።

ይሄን ሁሉ ተናግሬ ስጨርስ አክስቴ በጥሞና አየችኝ።

"ቀለሙስ? ነጭ ነው ግራጫ?"

መርካቶ ሄድን። እዚያ ዕቃ የሚመረመርበትን መንገድ ያላየ ሰው ምርመራ አየሁ አይበል። ሻጩ ወደ ማሽኑ ጠጋ ብሎ ጎኑን በቡጢ መታው። ድም! "ሰሙት ማዘር? ብረት ነው!" አክስቴም በተራዋ መታችው። ድም! ጋሼም መቱት። እኔም ላለመለየት መታሁት። በቡጢ አራት ለዜሮ ኦሪጅናልነቱ ተረጋገጠ። ከዚያ አክስቴ በሩን ሦስት ጊዜ ከፍታ ዘጋችው። "አዘጋጉ ደስ ይላል" አለች። ስንት ዋት ይስባል ብሎ የጠየቀ የለም። ይጠየቅ ቢባልስ፣ ዋት በቡጢ አይሰማም።

ከጎኑ አንድ ማሽን ነበር፤ ማጠቢያም ማድረቂያም ነው። ፊቱ ላይ 9/6 የሚል ተለጥፎበታል። ዘጠኝ ኪሎ ያጥባል፣ የሚያደርቀው ግን ስድስት ኪሎ ብቻ ነው ማለት ነው። ሻጩ ምን ማለት እንደሆነ ሲጠየቅ አንዴ ወደ ጣሪያው አየና "ዋስትናው ነው፣ ዘጠኝ ዓመት ከስድስት ወር" አለ። ድፍረቱን ወደድኩለት።

እኔ በስተጀርባ ዞሬ ትንሿን ወረቀት አነበብኩ። የተሠራበት አገር ጀርመን አይደለም። ለሻጩ ቀስ ብዬ ነገርኩት። ቅንጣት አልደነገጠም።

"እሱ አካሉ ነው ወንድሜ። አእምሮው ጀርመን ነው።"

በዚህ አለቀ። የተገዛው ባለቱቦው ነው። ለምን? ትልቅ ነው፣ ከሂት ፓምፑ ይረክሳል፣ ሲመቱትም ድምፁ ወፍራም ነው። ቱቦው በየት እንደሚወጣ ጠየቅሁ።

"በመስኮት" አለ ሻጩ።

"መስኮት ከከፈትን ዝናብ ይገባላ?"

"ሲዘንብ ትዘጉታላችሁ።"

ልብ በሉ፤ ማድረቂያው የሚገዛው ለዝናብ ነው።

ጫኝና አውራጆች አራት ፎቅ በደረጃ አወጡት። ያስከፈሉትን ዋጋ አልናገርም፤ ጋሼ እስካሁን ሲያስታውሱት ይቀመጣሉ። መታጠቢያ ቤት አልገባ አለ። ወጥ ቤቱን ምጣዱ ይዞታል። ደግሞስ ያን የመሰለ ዕቃ ወጥ ቤት ውስጥ ማን ያየዋል? ስለዚህ ሳሎን፣ በቡፌውና በቴሌቪዥኑ መካከል ቆመ። ላስቲኩ አልተላጠም። የመብራት ፍጆታውን ደረጃ የሚያሳየው ባለቀለም ወረቀትም እንደተለጠፈ ነው። ጎረቤት ለቡና መጥታ "ይቺ ‘ሲ’ ምንድን ናት?" ብትል አክስቴ ምን አለች? "ክላስ ናት!"

በነጋታው ሊሞከር ተወሰነ። አራት ፎጣ ገባ። ቱቦው በመስኮት ወጣ። ቁልፉ ተጫነ፣ ማሽኑም ማጉረምረም ጀመረ። ሁላችንም እንደ ሕፃን ልጅ መስታወቱ ላይ አፈጠጥን። ለካ ወጥ ቤት ምጣድ ተጥዷል። ምጣዱ ብቻውን 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፣ ማድረቂያው ደግሞ ከ2,000 በላይ። ድርግም!

"የኛ ነው የሰፈሩ?" አሉ ጋሼ።

ወደ መስኮቱ ሮጥን። ፊት ለፊት ያለው ሕንፃ በርቷል። ጎረቤትም በርቷል። የኛ ነው። ብሬከሩ ነው የወረደው። ተመልሶ ቢነሳ ያው ነበር፤ አክስቴ ግን ከዚያች ደቂቃ በኋላ ፈቃደኛ አልሆነችም። እርጥቦቹን ፎጣዎች አንድ በአንድ አወጣች፣ የማሽኑን ሆድ በደረቅ ጨርቅ ወለወለች፣ መሰኪያውን ነቀለች። "እንዳይበላሽ" አለች። ቅዳሜ ነጭ ዳንቴል ተሠርቶ መጣ። ዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ ከአበባው አጠገብ የቨርጂኒያዋ ልጅ የምርቃት ፎቶ ተቀመጠ።

እንግዲህ ሒሳቡን አብረን እናስላ። ማድረቂያ ኪስ የሚያደማው ከተገዛ በኋላ ነው። የመብራት ታሪፋችን በእርከን ነው፤ የመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎዋት ሰዓት ርካሽ ናቸው፣ ፍጆታ ሲጨምር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም አብሮ ይወጣል። አውሮፓውያን በዚህ ጉዳይ ስንት ዓመት ሲጨነቁ ኖረው፣ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2025 ጀምሮ ገበያቸው ላይ አዲስ የሚቀርበው ማድረቂያ በተግባር ሂት ፓምፕ ብቻ እንዲሆን የሚያደርግ ደንብ አወጡ። ፍጆታውን በግማሽ ቀነስን ብለው ይኩራራሉ። ምስኪኖች! አክስቴ ዜሮ አድርሳዋለች።

ጥገናውም እንዲሁ። የዚህ ማሽን ዋና ጣጣ ከልብሱ የሚረግፈው ብናኝ ነው። ማጣሪያው በየዙሩ ካልጸዳ አየር ይታፈናል፣ ማሽኑ ከመጠን በላይ ይግላል፣ እሳት እስከማስነሳትም ይደርሳል። የአክስቴ ማጣሪያ ግን ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። የበግ ፀጉር እንኳ ቢገባበት ይደነግጣል።

ደግሞ እሷ ብቻ እንዳትመስላችሁ። ከፒያሳ እስከ ካዛንቺስ በየቤቱ ስንት ጀግና አለ! ኦቨኑን የድስት ማስቀመጫ ያደረገ፣ ማይክሮዌቩ ውስጥ ዳቦ የሚያሳድር፣ የሶፋውን ላስቲክ ሳይልጥ ልጅ የዳረ። ሪሞቱን በላስቲክ ጠቅልሎ ቁጥሮቹን በግምት የሚጫን። እነዚህ ሰዎች ዕቃ አልገዙም እንዳይባል ገዝተዋል፤ አበላሹ እንዳይባል አልተጠቀሙም። ከዚህ በላይ ጨዋነት የት ይገኛል?

መጠቀም የሚባል ክፉ አመል ያለበት ሰው ካለ (አይጠፋም)፣ ሳልነግረው ባልፍ ደግ አይሆንም። ማሞቅ ብዙ መብራት ይበላል፣ መጭመቅ ትንሽ። ማጠቢያው በደቂቃ 1,200 ወይም 1,400 ጊዜ እየዞረ አጥብቆ የሚጨምቅ ከሆነ ግማሹ ሥራ እዚያው አልቋል። ለኮንዶሚኒየም ደግሞ ቱቦ የማይፈልገውና ከምጣዱ ጋር የማይጣላው ያው ሂት ፓምፑ ነው። ብዙዎቹ ከ1,000 ዋት በታች ነው የሚስቡት። ጥለት ያለውን የሀበሻ ልብስ ግን አታስገባ፤ ለትልቅ ሰው የተሰፋው ለልጅ ይሆናል። ይሄን ለአክስቴም ነግሬያታለሁ። "አንተ ደሞ፣ ከቡጢው ያመለጠህን በወሬ ታሳድዳለህ" አለችኝ።

ባለፈው እሁድ ሄጄ ነበር። ያው ሐምሌ፣ ያው ዝናብ። ጋቢው በአራት እጥፉ ውኃ ጠጥቶ ሁለት ወንበር ላይ ተኝቷል። ካልሲዎቹ ከፍሪጅ ጀርባ ናቸው። ማድረቂያው ግን ራቁቱን ቆሟል። አበባውና ፎቶው ወለል ላይ ወርደዋል። ደነገጥኩ። መጠቀም ጀመሩ እንዴ?

"ዳንቴሉ ታጥቦ ነው" አሉ ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "አልደረቀላትም። ስምንት ሰዓት ላይ እንግዳ አለ።"

አክስቴ ዳንቴሉን በሁለት እጇ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘርግታ ታየዋለች። ጫፉ ላይ ጠብታ ተንጠልጥሏል።

"እትዬ፣ ለምን ማሽኑ ውስጥ..." ብዬ ጀመርኩ።

"ዝም በልና ካውያውን አምጣ!"