የሚቆጣችሁ ሰው አላችሁ?

ወገኖቼ፣ የወሎ ልጆች፣ ዛሬ ላመሰግናችሁ አልመጣሁም። ምስጋናውንማ ጠግበነዋል። «ወሎ ገራገሩ» ሲሉን ደረታችን ይነፋል። ቄሱና ሼሁ አንድ ረከቦት ዙሪያ ይቀመጣሉ እንላለን። እውነት ነው፣ ይቀመጣሉ። እኔ የምጠይቃችሁ ሌላ ነገር ነው። በዕድር፣ በእቁብ፣ በውሃ ኮሚቴ፣ በቀበሌ፣ በመሥሪያ ቤት፣ የትም ይሁን የት ሰው ፊት ወንበር የያዛችሁ ሁሉ ስሙኝ። የሚቆጣችሁ ሰው አላችሁ? ፊት ለፊት፣ ስማችሁን ጠርቶ፣ «ይሄን አበላሽተሃል» የሚላችሁ?

ቤት ያለችውን ባለቤታችሁን አትቁጠሩብኝ። እሷማ ትቆጣለች። ከሥራችሁ ካሉት ሰዎች ማለቴ ነው።

ከራሴ ልጀምር። ሌላውን ሲገሥጽ ራሱን የሚዘል ሰው አልወድም።

ደሴ ውስጥ የሰፈራችን ዕድር ሰብሳቢ ነኝ። ነገሩ የሆነው በተመረጥኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። በዚያን ጊዜ ሰው ሁሉ የሚያከብረኝ ይመስለኝ ነበር። ስብሰባ ላይ የሚቃወመኝ የለም። እኔ አፌን ስከፍት ቤቱ ጸጥ ይላል። ሐሳብ ሳቀርብ እጅ ይወጣል። ጥሩ መሪ ሆኛለሁ ብዬ ቁጭ አልኩ።

አንድ ሌሊት የአንዲት ጎረቤታችን ባል ሞተ። ጎህ ሳይቀድ ጡሩንባ ነፊው በሬን አንኳኳ። «ልንፋ ወይ?» አለኝ። መዝገቡን ገለጥኩ። በስማቸው የ4 ወር መዋጮ አልተከፈለም። ደንባችን ደግሞ ከ3 ወር በላይ ውዝፍ ላለበት ዕድሩ አይወጣም ይላል። ሰውየው በሩ ላይ ቆሞ አንዴ እኔን፣ አንዴ መሬቱን ያያል። የሚለው ነገር ያለው ይመስል ነበር። አልጠየቅኩትም። «ደንብ ደንብ ነው» አልኩና በሩን ዘጋሁ።

ጡሩንባው ሳይነፋ ቀረ። ድንኳኑም አልተተከለም። ጎረቤት ተሯሩጦ አንድ ሰማያዊ ሸራ ግቢው ላይ ወጠረ። ወሩ ነሐሴ ነው። የደሴን ነሐሴ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የጦሳ ተራራ ጭጋጉን ለብሶ ያድራል፣ ዝናቡ ፋታ የለውም። ውሃው ሸራው መሐል ይጠራቀምና ሸራው እንደ እርጉዝ ሆድ ቁልቁል ይነፋል። አንድ ትንሽ ልጅ የመጥረጊያ እንጨት ይዞ ከሥር ወደ ላይ ይገፋዋል። ውሃው በዳር ዷ ብሎ ይፈሳል። ለቀስተኛው ጋቢውን ይሰበስባል። ትንሽ ቆይቶ ሸራው ደግሞ ይነፋል፣ ልጁም ደግሞ ይገፋል። የኛ ድንኳን በዚያ ሰዓት ግምጃ ቤት ውስጥ ተጠቅልሎ፣ ደርቆ ተቀምጧል። ያ መጥረጊያ እንጨት አሁንም ከዓይኔ አልጠፋም።

በ3ኛው ቀን ነገሩ ወጣ። ሴትየዋ ከፍላለች። ለገንዘብ ያዡ በእጁ ሰጥታዋለች፤ ደረሰኝም ይዛለች። ወደ መዝገቡ ሳይገለበጥ የቀረ ነው። ጸሐፊያችን ይሄን ያውቅ ነበር። ጡሩንባ ነፊውም ሰምቶ ነበር። ያን ጠዋት በሩ ላይ የተገተረው ለዚህ ኖሯል።

ጸሐፊውን «ለምን አልነገርከኝም?» ብዬ ያዝኩት። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «ትጮህብኛለህ ብዬ» አለኝ። ቀጠለ። «ባለፈው ድምር ስሳሳት ሰው ፊት ያደረግከኝን ረሳኸው እንዴ?»

ረስቼዋለሁ። እሱ ግን አልረሳውም።

ሰፈራችን ውስጥ ያሉ አንድ ትልቅ ሀጂ አስጠሩኝ። ገና እንደገባሁ፣ ቁጭ በል እንኳ ሳይሉኝ፣ «አንተ ልጅ፣ ሰዉ ያከብረኛል ብለህ ነው? ይፈራሃል እኮ! የፈራህ ሰው ምን ይነግርሃል?» አሉኝ። «ሂድ ደጇ ላይ ቆመህ አውፍ፣ ይቅር በሉኝ በላት» ብለው ሰደዱኝ። ሄድኩ። እትዬ ከፍራሹ ሳትነሳ ቀና ብላ አየችኝ። «አብሽር» አለችኝ፤ አይዞህ ማለቷ ነው። ባሏን የቀበረችው እሷ፣ አብሽር የሚባለው እኔ! ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህች ቃል ትንሽ ልበል። አብሽር የኛ ቃል ናት። ከዐረብኛ መጥታ ወሎ ላይ የኛ ሆናለች። ለታመመ፣ ላዘነ፣ ለከሰረ መድኃኒት ናት። እኛ ግን ለሹምም እንሰጣታለን። ኃላፊው «ሥራው እንዴት ነው?» ይለናል። መንገዱ ፈርሷል፣ ቧንቧው ደርቋል፣ ባለጉዳይ በረንዳ ላይ ተሰልፏል። እኛ ምን እንላለን? «አብሽር፣ ሁሉ ሰላም ነው።» ከዚያ ወጥተን ቡና ላይ ሥጋውን እንዘለዝለዋለን። ይሄን ገራገርነት እንለዋለን። ወገኖቼ፣ ይሄ ገራገርነት ከሆነ ይቅርብን።

የዝምታን ዋጋ ከማንም በላይ የምናውቅ እኛ መሆን ነበረብን። በ1965 እና በ66 ዓ.ም. የሆነውን ከአባቶቻችን ሰምተናል። ዝናብ ጠፋ። ገበሬው ከብቱንም ዘሩንም ጨረሰና ወደ አስመራ የሚያልፈው አስፋልት ዳር ወጥቶ ተኛ። ድርቁን ሰማይ አመጣው እንበል። ከዚያ በኋላ ያለው ግን የሰው ሥራ ነው። ነገሩን የሚያውቁ ሹሞች ነበሩ። የአገር ስም ይጠፋል፣ የንጉሡ ፊት ይጠቁራል እያሉ ሸፈኑት። ጥቅምት 1966 የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ለዓለም ሲያሳየው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አልቋል። ንጉሡ መስከረም 2 ቀን 1967 ከዙፋን ወረዱ። በዋዜማው ምሽት ያው ፊልም የቤተ መንግሥት ድግስ እየተቀላቀለበት በአገራችን ቴሌቪዥን ታየ።

እዚህ ላይ ብቻ ቢያልቅ «መጥፎ ሥርዓት ነበር፣ ሄደ» ብለን እናርፍ ነበር። ግን ያንን ፊልም ያሳየው ደርግ ራሱ 10 ዓመት ቆይቶ ምን አደረገ? መስከረም 1977 አዲስ አበባን በቀይ ባንዲራ አሸብርቆ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት አከበረ። በዚያው ወር ኮረም፣ ያን ጊዜ የወሎ ክፍለ ሀገር በነበረችው ኮረም፣ ሰው በብርድ ሜዳ ላይ እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር። ጥቅምት ላይ ደግሞ የውጭ ካሜራ መጣ። ንጉሡን «ዝም አልክ» ብሎ የከሰሰው ሰው ወንበሩ ላይ ሲወጣ ያው ዝምታ ጆሮው ውስጥ ገባ። ክፉ ስለነበረ ብቻ ነው አትበሉ። ክፉ ወሬ ይዞ የሚገባ ሰው ከአጠገቡ ርቋል።

ይሄን ሁሉ ስል የቤተ መንግሥት ጉዳይ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። እኔ ግምጃ ቤት ውስጥ ድንኳን ይዤ ያደረግሁት ያንኑ ነው። መጠኑ ነው የሚለየው።

ሌላ ዓይነት መሪም አይተናል፣ እዚሁ አፈራችን ላይ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 አምባሰል፣ ውጫሌ ላይ ከኢጣልያ ጋር ውል ተፈረመ። የ17ኛው አንቀጽ አማርኛ ከአውሮፓ ጋር ለመጻጻፍ በኢጣልያ በኩል «ይቻላል» ይላል። የጣልያንኛው ግዴታ ያደርገዋል። አጼ ምኒልክ ለአውሮፓ ነገሥታት ደብዳቤ ሲልኩ «በኢጣልያ በኩል ይምጣ» የሚል መልስ መጣላቸው። አስቡት እስቲ። ንጉሠ ነገሥት ነዎት፣ ማኅተምዎን ያተሙበት ወረቀት አሞኝቶዎታል። ደብዳቤውን ደብቆ መቀመጥም ነበር። እሳቸው ግን ተታለልኩ ብለው ተከራከሩ፣ በ1885 ውሉን አፈረሱ። በ1888 ክተት ሲባል ጦሩ የተሰበሰበው ወረኢሉ ነው። ዓድዋን ሁላችንም እናወራለን። ከዓድዋ በፊት ያለችውን፣ መጥፎውን ደብዳቤ እስከ መጨረሻ ያነበቡባትን ሰዓት ግን ማንም አያነሳትም። እኔ እሷን እወዳታለሁ።

አሁን አሁን የአመራር ሥልጠና በዝቷል። ኮምቦልቻ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ 3 ቀን ትቀመጣላችሁ፣ በሻይ እረፍት ሳምቡሳ ትበላላችሁ፣ አበል ትፈርማላችሁ፣ ሰርተፍኬት ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። አልነቅፍም፣ እኔም ወስጃለሁ፣ ሳምቡሳውም ጥሩ ነበር። ግን እስቲ ንገሩኝ፣ በ3 ቀኑ ውስጥ አንድ ሰው ተነስቶ «አንተ እንዲህ ያለ አመል አለብህ» ብሏችኋል? ሁላችንም አጨብጭበን ነው የተለያየነው።

የጥንቱ ትምህርት ቤታችን እንዲህ አልነበረም። ሐይቅ እስጢፋኖስ ላይ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩት ደቀ መዝሙር ሁሉ ለዓመታት ታዛዥ ሆኖ ነው የኖረው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት እንኳ እዚያ ተማሪ ነበሩ። በዳና፣ በገታ፣ በጃማ ንጉሥ የእስልምና ትምህርት ቦታዎች ያደገው ተማሪ፣ ደረሳውም ያው ነው። እንጨት ይለቅማል፣ ውሃ ይቀዳል፣ የሚጽፍበትን ሰሌዳ፣ ሉሁን ይዞ ሼሁ ፊት ይቀመጣል። ሲሳሳት እዚያው ይታረማል፣ ጓደኞቹ እየሰሙ። የቅኔ ተማሪም ቅኔውን መምህሩ ፊት ዘርፎ ሲፈርስበት ቆሞ ያያል። ከዚህ ያለፈ ሰው ኋላ ሲሾም «ተሳስተሃል» የምትለዋ ቃል አዲስ አትሆንበትም። ጆሮው ለምዷታል። እኛ ግን በመጀመሪያ ወንበሩን እንይዝና ከዚያ በኋላ እንድንታረም እንፈልጋለን። ማን ይድፈረን?

አስታራቂዎቻችንን፣ አበጋሮቻችንንም ተመልከቱ። አንድ ጊዜ ቃሉ ወረዳ ገጠር ውስጥ የደም እርቅ ላይ ተገኝቼ ነበር። አበጋሩ ሽማግሌ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለዋል። ጠዋቱን ሙሉ ምንም አልተናገሩም። ከብት ጠባቂ ልጅ ሳይቀር ያየውን እንዲናገር አደረጉ። አንዱ ዘመድ ልጁን ሊያቋርጠው ሲል እጃቸውን ብቻ አነሱ። ሰውየው አፉን ዘጋ። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ነው ድምፃቸውን የሰማሁት፤ እሱም ጥያቄ ነበር። እኔ ብሆን ገና ቡናው ሳይፈላ ፈርጄ ነበር።

እንግዲህ እናንተ በወንበሩ ያላችሁ፣ ቁጣችሁን ዋጡ። ክፉ ወሬ ይዞ የመጣውን ሰው አንድ ቀን ሰው ፊት ካዋረዳችሁት፣ ከዚያ ወዲያ የምትሰሙት አብሽር ብቻ ነው። «አስተያየት አላችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ የለንም ነው የምንላችሁ። «ምን አበላሸሁ?» በሉ። መልሱ እስኪመጣ ዝም በሉ፣ ዝምታው ቢረዝምም። ደሴ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ አይጠየፍ ነው። ድሀውን ከማዕድ አይጠየፍም ማለት ነው ይሉናል ትልልቆቻችን። እናንተም የድሀውን ወሬ አትጠየፉ። እውነቱ ብዙ ጊዜ ያለው ዘበኛው፣ ጽዳቷ፣ ሻይ የምታፈላው ልጅ ጋ ነው።

እናንተ ደግሞ ከታች ያላችሁ፣ እንዳትስቁ። ገንዘብ ያዡም ጸሐፊውም ያውቁ ነበር። ፈርተው ነው፣ እሺ፣ ጥፋቱ በመጀመሪያ የኔ ነው። ግን ያቺ ሴት ዝናብ ስትመታ ሁለቱም ሸራው ሥር ተቀምጠው እያዩ ነበር። ሰው ፊት መናገር ከከበዳችሁ በር ዝጉና ንገሩን። ያም ከከበደ ትልቅ ሰው ላኩብን። ሀጂውን የላኩብኝ እነማን እንደሆኑ ኋላ ነው የሰማሁት፤ የሰፈሩ እናቶች ናቸው። አላህ ይስጣቸው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ለውጠናል። ወር በገባ ስብሰባችን ላይ መጀመሪያ የሚናገረው ጡሩንባ ነፊው ነው። ቤት ለቤት የሚዞረው እሱ ስለሆነ ከኛ በላይ ያውቃል። መጀመሪያ አካባቢ ያፍር ነበር። አሁን ለምዷል፣ እንዲያውም ትንሽ በዝቶበታል። ባለፈው ወር ተነሳና «ድንኳኑ በግራ በኩል ከተቀደደ 2 ወር ሆነው፤ ሰብሳቢው ሁለት ጊዜ አይቶት አልፏል» አለ። ቤቱ ሁሉ ዞሮ እኔን አየኝ። ልመልስለት አፌን ከፍቼ ነበር። መልሼ ዘጋሁት። ቅዳሜ ጠዋት ድንኳኑን ተሸክመን ሰኞ ገበያ የሚባለው ሰፈር ያለ ሰፊ ጋ እንወስደዋለን፤ አንዱን ጫፍ የምይዘው እኔ ነኝ።