እርማት፦ ክራር ለአራት ዓመት ተሰቅሎ አይጠብቅም

«ልጁ ለ8ኛ ክፍል ፈተና ሲደርስ ክራሩ ይሰቀል፤ እጅ አይረሳም፣ ከ12ኛ ክፍል በኋላ ካቆመበት ይቀጥላል» ላሉት አባት፦ ለልጅዎ ተጨንቀው እንደሆነ ይገባኛል። አባባሉ ግን ስህተት ነው፤ እዚህ ድሬዳዋ ከከዚራ እስከ ሳቢያን በየቤቱ ሲደገም ስለምሰማ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የማይረሳው ዜማው ነው። እጅ ይረሳል። ክራር በግርፍ፣ ማለትም ክሮቹ ሁሉ በአንድ ላይ ሲመቱ፣ የግራ እጅ ጣቶች ክሮቹን አፍነው ይይዛሉ፤ የሚፈለገው ድምፅ የሚወጣው የዚያ ክር ጣት ብቻ ሲነሣ ነው። ይህ ቅልጥፍና ያለ ልምምድ ይደነዝዛል። የጠነከረው የጣት ጫፍ ቆዳም በሳምንታት ውስጥ ይለሰልሳል። ክራሩን ከትዝታ ቅኝት ወደ ባቲ ቅኝት የሚቃኝ ጆሮም እንዲሁ ይሰንፋል። ከዓመታት በኋላ የተመለሰ ልጅ ጆሮው የሚያውቀውን ጣቱ እምቢ ይለዋል። በዚህ ተስፋ ቆርጠው ክራራቸውን ለሰው የሰጡ ተማሪዎች አውቃለሁ፤ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ደግሞስ የትኞቹን ዓመታት ነው የምንነጥቃቸው? የከተማችን ልጅ ድምፃዊው ዓሊ ቢራ በ1950ዎቹ አፍረን ቀሎ የተባለውን የኦሮሞ የሙዚቃ ቡድን ሲቀላቀል ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ነበር።

ጥናቱን የሚጎዳው ልክ ያጣ ሰዓት እንጂ ክራሩ አይደለም። በቀን 15 ደቂቃ፣ የቀኑ ሙቀት ሲበርድ፣ እጁን ለማቆየት ይበቃዋል። ቆዳ የለበሰ ክራር በሙቀት ቅኝቱ ስለሚዛባ አስቀድሞ ይቃኘው። በፈተናው ሳምንት ወደ አምስት ደቂቃ ያውርዱለት፤ አያስቁሙት።