ባንዲራው ከመምጣቱ በፊት መመሪያው ይጻፍ

በአሜሪካ ቦስተን ከተማ ማዘጋጃ ቤት ፊት ለፊት ሦስት የባንዲራ ምሰሶዎች ቆመዋል። በአንደኛው የአገሪቱ፣ በሁለተኛው የማሳቹሴትስ ግዛት፣ በሦስተኛው የከተማዋ ባንዲራ ይውለበለባል። ከተማዋ ሦስተኛውን ምሰሶ ለልዩ ልዩ ማኅበረሰቦች በዓል ታውስ ነበር። ከ2005 እስከ 2017 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር ናቸው) 284 ጊዜ ፈቅዳለች፤ አንድም ጊዜ አልከለከለችም። በ2017 አንድ ማኅበር የክርስቲያን ባንዲራ ልስቀል ብሎ ሲጠይቅ ግን፣ ሃይማኖታዊ ነው ተብሎ ተመለሰ።

ክርክሩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። በ2022 ዘጠኙም ዳኞች ለማኅበሩ ፈረዱ። ፍርዱ መንግሥት የሃይማኖት ባንዲራ የመስቀል ግዴታ አለበት አላለም። ያለው ሌላ ነው፦ ከተማዋ የጽሑፍ መመሪያ አልነበራትም፤ ሠራተኞቿ አብዛኛውን ጊዜ ባንዲራዎቹን አስቀድመው እንኳ አያዩም ነበር፤ ስለዚህ ምሰሶው ላይ የወጣው ሁሉ የእኔ ቃል ነው ልትል አትችልም። ፍርዱ ለንጽጽር የጠቀሰው የሳን ሆዜ ከተማን መመሪያ ነው። እሱ ምሰሶዎቹ ለማንም ሰው ሐሳብ መግለጫ የተከፈቱ እንዳልሆኑ በግልጽ ያስቀምጣል፣ የሚፈቀዱትንም ይዘረዝራል። ቦስተንም ኋላ ላይ ባንዲራ ለመስቀል የምክር ቤት ወይም የከንቲባ ይፋዊ ውሳኔ እንዲያስፈልግ አድርጋለች። ለከሳሹ ጠበቆችም 2.1 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምታለች።

የመንግሥት ምሰሶ የመንግሥት አንደበት ነው። አላፊ አግዳሚው ቀና ብሎ ሲያይ «መሥሪያ ቤቱ ይህን ይላል» ብሎ ይረዳል። እንግዲህ ምን እንደሚሰቀል በሕዝብ ግንኙነት ክፍል ወይም በሕንፃ አስተዳዳሪ የዕለት ፈቃድ ሊወሰን አይገባም። ብዙ መሥሪያ ቤቶች መመሪያ መጻፍ የሚጀምሩት ግን የማይወዱት ባንዲራ በራቸው ላይ ሲደርስ ነው። ያን ጊዜ የሚጻፈው ሁሉ፣ ቃላቱ የቱንም ያህል ቢለሰልሱ፣ እነማንን ለማገድ እንደተጻፈ ይታወቃል።

አንድን ባንዲራ አልሞ የተጻፈ ሕግ ዒላማውንም አይመታም። የዩታ ግዛት በ2025 በመንግሥት ሕንፃዎች ላይ የሚፈቀዱትን ባንዲራዎች ዘርዝሮ ሌላውን ከለከለ፤ ለጣሰ በቀን 500 ዶላር ቅጣት ጣለ። የክርክሩ እምብርት የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች መለያ የሆነው የቀስተ ደመናው ባንዲራ እንደነበር ሁሉም ያውቃል። ሕጉ ሥራ ላይ ሊውል አንድ ቀን ሲቀረው የሶልት ሌክ ሲቲ ምክር ቤት ሦስት አዳዲስ የከተማ ባንዲራዎችን አጸደቀ፤ ከሦስቱ አንዱ የቀስተ ደመናው ባንዲራ ነው፣ በላዩ የከተማዋ ምልክት የሆነው አበባ ታክሎበት። ሕጉ የከተማን ይፋዊ ባንዲራ ይፈቅዳል፤ አንዲት ከተማ ስንት ይፋዊ ባንዲራ ሊኖራት እንደሚችል ግን አልወሰነም ነበር። በአጎራባቿ አይዳሆም የቦይሲ ከተማ ምክር ቤት ያንኑ መንገድ ተከተለ። የየትኛውም ወገን ደጋፊ ብሆን ከዚህ የምወስደው አንድ ነው፦ «ይፋዊ» የሚለው ቃል ብቻውን በር አይዘጋም። ስንት ነው? ማን ያጸድቀዋል? በምን ያህል ድምፅ? እነዚህ በአንቀጹ ውስጥ መግባት አለባቸው።

ጥሩ መመሪያ ስለ ምሰሶው ይናገራል፦ ሕንፃው ስንት ምሰሶ አለው፣ እያንዳንዱ ለየትኛው ደረጃ ተመደበ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ በ2015 የፍልስጤምን ባንዲራ በኒው ዮርክ ዋና መሥሪያ ቤቱ ለማሰቀል የወሰነው በ119 ድጋፍ፣ በ8 ተቃውሞና በ45 ድምፀ ተዓቅቦ ነው። የተጻፈው ግን «አባል ያልሆኑ ታዛቢ መንግሥታት» በሚል ደረጃ ስለሆነ፣ በዚያው ውሳኔ የቫቲካንም ባንዲራ ተሰቀለ። መስፈርቱ ደረጃ ሲሆን ነገ ለሚመጣውም ያገለግላል።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 3 የፌዴሬሽኑ አባላት የየራሳቸው ሰንደቅ ዓላማና ዓርማ ሊኖራቸው እንደሚችል ይላል፤ ዝርዝሩንም ለየምክር ቤቶቻቸው ይተዋል። በየትኛው ሕንፃ፣ በየትኛው ምሰሶ ላይ እንደሚወጣ ግን አንቀጹ አይናገርም። ባንዲራ እንዲኖር መፈቀዱና የት እንደሚሰቀል መወሰኑ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ ሁለተኛው በዝርዝር ሕግ ካልተመለሰ እያንዳንዱ ግቢ የየራሱን መልስ ይፈጥራል።

ከዚያ አሰላለፉ አለ። ምሰሶው አንድ ከሆነ የአገሪቱ ብቻ ይውጣ። ሁለት ከሆኑ የአገሪቱ ሰንደቅ ዓላማ ከሕንፃው ፊት ለፊት ለቆመ ሰው በስተግራ፣ ሦስት ከሆኑ መሐል ይሆናል። ሲሰቀል ቀዳሚ፣ ሲወርድ መጨረሻ ነው። የውጭ አገር ሰንደቅ ዓላማ በሌላ አገር ሥር በአንድ ምሰሶ አይታሰርም፤ የራሱ ምሰሶና እኩል ከፍታ ይገባዋል። «እኩል መጠን» ተብሎ ብቻ ከታለፈ ግን ግዥ ክፍሉ ይቸገራል። የካናዳ ርዝመት የቁመቱ እጥፍ ነው፣ የፈረንሳይ ሁለት ለሦስት፣ የስዊዘርላንድ አራት ማዕዘኑ እኩል፣ የኔፓል ጭራሽ አራት ማዕዘን አይደለም። መመሪያው የሚስተካከለው ቁመታቸው ይሁን ወይስ ጠቅላላ ስፋታቸው፣ አንዱን ይምረጥ።

ለሐዘን ዝቅ ማድረግም ልክ ይፈልጋል። የአሜሪካ ሕግ የምሰሶው እኩሌታ ላይ ይላል፤ የብሪታኒያ ልማድ ከታች ሁለት ሦስተኛው ላይ ነው። በሁለቱም ዘንድ መጀመሪያ እስከ ጫፍ ይወጣል፣ ከዚያ ዝቅ ይላል፤ ማታ ሲወርድም እንደገና ጫፍ ነክቶ ነው። አጠገቡ ያሉት ከሱ በላይ እንዳይቀሩ አብረው ዝቅ ይበሉ ወይም ይውረዱ፤ ይህ ሲዘነጋ የአገሪቱ ሰንደቅ ዓላማ ከክፍለ ሀገሩ በታች ሆኖ ይውላል።

ሁሉም የሚረሳው ማውረድን ነው። በአሜሪካ ሳውዝ ካሮላይና ግዛት ምክር ቤት ግቢ የኮንፌዴሬሽን፣ ማለትም በእርስ በርስ ጦርነቱ ለባርነት የተዋጉት የደቡብ ግዛቶች ባንዲራ ይውለበለብ ነበር። በ2015 በቻርልስተን ቤተ ክርስቲያን ዘጠኝ ሰዎች ሲገደሉ የአገሪቱና የግዛቱ ባንዲራዎች ዝቅ አሉ፤ ያኛው ግን ጫፍ ላይ ቀረ። ጥበቃ የሰጠው የ2000 ሕግ ለመለወጥ የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጠይቅ ነበር፤ ባንዲራውም ከምሰሶው ጋር የታሰረ ስለነበር ዝቅ የሚያደርገው መዘውር አልነበረውም። የወረደው ከሦስት ሳምንት በላይ ቆይቶ፣ ምክር ቤቱ አዲስ ሕግ ካወጣ በኋላ ነው። ለዚህ ነው እያንዳንዱ ፈቃድ የማብቂያ ቀንና የሚያወርደውን ሰው የሥራ መደብ ይዞ መውጣት አለበት የምለው።

የሚሰቀልባቸውን ቀናት መለወጥ ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል። የሰሜን አየርላንድ ዋና ከተማ የቤልፋስት ምክር ቤት በዲሴምበር 2012 ዓመቱን ሙሉ የሚውለበለበው የብሪታኒያ ባንዲራ በተመረጡ ቀናት ብቻ እንዲሰቀል በ29 ለ21 ድምፅ ወሰነ። በሌሎች የመንግሥት ሕንፃዎች የተለመደ ሥርዓት ነው፤ ሆኖም ከተማዋ ለወራት በተቃውሞና በግጭት ተናጠች። ዓይን የለመደውን በአንድ ምሽት ድምፅ ማንሳት አይቻልም። የማስታወቂያ ጊዜ ያስፈልጋል፣ የቀናቱም ዝርዝር ከምክንያታቸው ጋር መለጠፍ አለበት።

መመሪያው ከምሰሶ ውጭ ያለውንም ይንካ። በመስኮት የተንጠለጠለ ጨርቅና ግድግዳ ላይ የበራ የመብራት ቀለም ከመንገድ እስከታየ ድረስ እንደ ባንዲራ ይቆጠር። በአደባባዩ የቆመ ዜጋ በእጁ የያዘው ግን የራሱ ቃል ነው፤ የሕንፃ መመሪያ ወደዚያ እጁን አይዘርጋ።

ጨርቁ መጀመሪያ የሚተለተለው ከምሰሶው የራቀው ጫፍ ላይ ነው። ቆርጦ መዘምዘም ያምራል፣ ግን በየጊዜው ርዝመቱን ስለሚያሳጥር ሕጉ ያዘዘው ምጣኔ ይጠፋል፤ ስለዚህ ጥገና አንድ ጊዜ ብቻ ይፈቀድ። ለአንድ ምሰሶ ሦስት ባንዲራ ይያዝ፦ የተሰቀለ፣ የሚታጠብ፣ ተጠባባቂ። ማን መቼ እንደሰቀለና እንዳወረደ፣ በማን ትእዛዝ እንደሆነ የሚፈረምበት መዝገብም በጥበቃ ክፍሉ ይቀመጥ።