አውሮፕላን ከተጓዥ ጦር ላይ የሚቀማው ምንድን ነው?

ክርክሩ የተነሳው ከአንድ ጥያቄ ነው። በኮምፒውተር የጦርነት ጨዋታ ውስጥ አውሮፕላኖች ግንባሩን ትተው ወደ ግንባሩ የሚወስደውን መንገድ ሲመቱ፣ መንገድ ላይ ያለው ጦር ሰውና መኪና ይጉደልበት ወይስ ጊዜ? ይህን ከአየር መንገድ የመዝጋት ሥራ «የአየር እገዳ» ብለነዋል። የደሴው ተከራካሪ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ የኮምቦልቻው ለብዙ ዓመት ተሳቢ የነዱ ሰው ናቸው። ሁለቱም እንዲህ ያሉ ጨዋታዎችን ለረጅም ጊዜ ተጫውተዋል።

የደሴው፦ ጋሼ፣ በጠላት ሰማይ ስር በቀን የሚጓዝ ጦር መመታት አለበት ባይ ነኝ። «ዘ ኦፕሬሽናል አርት ኦፍ ዋር» የተባለው ጨዋታ ከወጣበት ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አውሮፕላኖቹ ለእገዳ ይመደባሉ፤ ጠላት በተራው ጦሩን ሲያንቀሳቅስ በክልላቸው ካገኙት ይወርዱበታል። በእያንዳንዱ ሄክስ፣ ማለትም ካርታው በተከፋፈለበት ባለ ስድስት ጎን ቦታ፣ የመመታት ዕድሉ ከመቶ 10 ብቻ ይሁን እንበል። 8 ሄክስ የሚሄድ ክፍል ምንም ሳይነካው የሚደርስበት ዕድል ከመቶ 43 ብቻ ነው። ተጫዋቹ ማውዙን ከመጫኑ በፊት እንዲያስብ የሚያደርገው ይህ ነው።

ደግሞም ፍርሃቱ ከሜዳ የመጣ ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. እዚሁ ደሴ ላይ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ባሉበት ቦምብ ወርዷል። የከፋው ግን መንገድ ላይ ያለው ነበር። በየካቲት የራስ ሙሉጌታ ጦር ከአምባ አራዶም ሲያፈገፍግ ለቀናት ከአየር ተደብድቧል፤ ራሳቸውም በዚያው መንገድ ወደቁ። የራስ እምሩ ጦር ተከዜ መሻገሪያ ላይ፣ ከማይጨው የተመለሰው ደግሞ በአሸንጌ ሐይቅ ዳር በቦምብና በመርዝ ጋዝ ተመታ። ይህን የሚያውቅ ወሎዬ ጦሩን በቀን መንገድ ላይ በነፃ የሚያስነዳ ጨዋታ ሲያይ እንዴት ይቀበለዋል?

የኮምቦልቻው፦ የጠቀስካቸው ሙታን የእኔም ናቸው፤ አያቶቻችን ናቸው። ነገር ግን ያ ጦር ተዋጊ አውሮፕላን አልነበረውም፣ ፀረ አውሮፕላን መሣሪያው ከቁጥር የሚገባ አልነበረም፣ ላዩ ላይ ጋዝ ይረጭበት ነበር። ከእሱ ተነስተህ ለጦር ሁሉ ሕግ ማውጣት አትችልም።

ስሌትህንም ልቀጥልልህ። ያንኑ ክፍለ ጦር በሦስት ብርጌድ ከፍለህ አንቀሳቅሰው። ሦስቱም ሳይነኩ የሚደርሱበት ዕድል ከመቶ 8 ይሆናል። ሰው አልጨመርክ፣ መኪና አልጨመርክ፤ ቁራጩ በዛ እንጂ። አውሮፕላኖቹ በቀን የሚወጡበት ቁጥር ከተወሰነ ደግሞ ብልጡ ተጫዋች የማትጠቅመውን ትንሽ ክፍል አስቀድሞ ይልካል፤ እሷ ላይ ሲወርዱ ዋናው ጦር ያልፋል። እንዲህ ያለውን ተንኮል የሚሸልም ደንብ የጦር ሜዳን አያስተምርም።

አብራሪ ያቃጠልኩት የሚለውን ቁጥርም ተጠንቀቀው። ነሐሴ 1944 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ ሞርቴን ላይ የእንግሊዝ አብራሪዎች ብዙ የጀርመን ታንክ መታን አሉ። ኋላ ሜዳውን እየዞሩ የቆጠሩት የራሳቸው ወገን አጥኚዎች በሮኬት የተመታ ያገኙት ጥቂት ነው። ብዙው ጉዳት ሠራዊቱ መበተኑና መቆሙ ነበር።

አሁን ወደማውቀው ልምጣ። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ስወጣና ስወርድ ኖሬያለሁ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ኩርባው ላይ አንድ ተሳቢ ከተጋደመ ግን 25ቷ ኪሎ ሜትር ቀን ትበላለች። ማንም ሳይሞት፣ አንድ መኪና ብቻ ተበላሽቶ፣ ከኋላ ያለው ሁሉ ይቆማል፤ ነዳጅ ይቃጠላል፣ ጭነት ይበሰብሳል። ሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የጣሊያን የመኪና ሰልፍ ከደሴ ተነስቶ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ የእኛ ሰዎች ጣርማ በር ላይ መንገዱን ቆርጠው ጠበቁት። ያ ሁሉ መኪና ከአንድ ቀን በላይ ተገትሯል። አንድም አውሮፕላን አልነካውም! ስለዚህ «ዋር ኢን ዘ ዌስት» የተባለው ጨዋታ (2014 እ.ኤ.አ.) የመረጠው መንገድ ልቤን ያረካዋል፤ እገዳው ሄክሱ ላይ ይቀመጣል፣ በዚያ የሚያልፍ ጦር በአንድ ተራ ለጉዞ ከተሰጠው የመንቀሳቀሻ ነጥብ ብዙ ይከፍላል።

የደሴው፦ የሦስቱን ብርጌድ ነገር ተቀብያለሁ፤ አላሰብኩትም ነበር። ግን ቅጣቱ ጊዜ ብቻ ከሆነ ማንም አይፈራም። 12 ነጥብ የነበረው ክፍል 7 ይቀረዋል፣ በሚቀጥለው ተራ አንድ ሰው ሳይጎድልበት ይደርሳል። ሰኔ 1944 እ.ኤ.አ. ፓንዘር ሌር የተባለው የጀርመን ክፍለ ጦር በፈረንሳይ ኖርማንዲ ወዳለችው ወደ ካን ከተማ በቀን እንዲጓዝ ታዘዘ። አዛዡ ባየርላይን ኋላ የተናገረው ኪሳራ ተጋኗል የሚሉ የታሪክ ሰዎች አሉ፤ እኔም አልምልበትም። ነገር ግን በራሱ ቆጠራ እንኳ የጠፋው ታንክ 5 ነው፤ የጭነት መኪናው ግን ከመቶ በላይ። እንግዲህ ጨዋታው ታንኩን ይተወውና ቦቴውን ይግደል። «ሃርትስ ኦፍ አይረን 4» የተባለው ጨዋታ በ2021 እ.ኤ.አ. በተጨመረለት ክፍል አውሮፕላኖችን በጭነት መኪናና በባቡር ላይ ማሰማራት ይቻላል። ታንኩ ደርሶ ነዳጅ ከሌለው ምን ደረሰ ይባላል?

የኮምቦልቻው፦ ቦቴ ካልክማ ከእኔ ጋር ነህ፤ ቦቴ የሌለው ጦር የቆመ ጦር ነው። የጀርመኑ የጦር አዛዥ ሮሜል ኖርማንዲ ላይ ታንኮቹ ባሕሩ ዳር ይጠጉልኝ ብሎ የተሟገተውም አውሮፕላኖቹ መንገዱን ይዘጉታል ብሎ ስለሰጋ ነው፤ ከሩቅ የሚመጣው ጊዜው ካለፈ በኋላ ይደርሳል ብሎ።

አንድ ነገር ግን አንተም አላነሳህም፤ ሌሊትን። እዚህ ደሴ ሌሊቱ ከዓመት ዓመት 12 ሰዓት ገደማ ነው። ኖርማንዲ ውስጥ በሰኔ ጨለማው ከዚያ በእጅጉ ያጥራል። ሌሊት ረጅም በሆነበት አገር መብራት አጥፍቶ የሚጓዝ ጦር የሚያመልጠውን ያህል፣ እዚያ አያመልጥም። ጨዋታ ሠሪው ተጫዋቹን በቀን ልሂድ ወይስ በሌሊት ብሎ ያስመርጠው፤ በቀን የሚሄደው ያንተን ቦምብ ይቅመስ፣ በሌሊት የሚሄደው ግማሽ መንገድ ይሂድ።

የደሴው፦ እንዲህ ከሆነማ ሁሉም ሌሊት ይሄዳል። ዘግይቶም ቢሆን ሙሉ ሆኖ ደረሰ ማለት ነው።

የኮምቦልቻው፦ ሙሉ ሆኖ አይደርስም፣ ልጄ። ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጌ ሚሌ ድረስ ሌሊቱን ነድቼ አውቃለሁ፣ ያውም መብራቴን አብርቼ። ጠዋት ከጋቢናው የሚወርደው ሰው ማታ የወጣው አይደለም፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ የተነገረውን ሁለቴ ይጠይቃል። ጨዋታው ከሌሊት ተጓዡ ላይ መቀነስ ያለበት ይህንን ነው፤ ጠዋት ሲደርስ የመዋጋት አቅሙን ይቀንስበት፣ አንድ ቀን ሳያርፍም አይመልስለት።