አራጁ ሌጦዬን ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ጠቅጥቆ አበላሸብኝ

ከገና ጀምሮ ሆዴ እንደተቃጠለ ነው። ዛሬ ካልጻፍኩት አይወጣልኝም።

ለበዓሉ ጥቁር የመንዝ በግ ገዛሁ። ደብረ ብርሃን ገበያ ላይ ሰው ላት እየጨበጠ ሲመርጥ እኔ ጠጉሩን እየገለጥኩ አየሁ። ከሥጋው ይልቅ የፈለግኩት ሌጦውን ነበር፣ አጎዛ ላወጣበት። አባቴ በእጁ ያለፋው አጎዛ መሐል ሜዳ እናቴ ቤት ዛሬም አለ። ከ30 ዓመት በላይ ተኝተንበታል። ጠርዙ ትንሽ ሳሳ እንጂ ጠጉሩ እንዳለ ነው። በመንዝ ብርድ ያደገ ሰው አጎዛ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል።

አራጁን ገና ሳይጀምር ለመንኩት። "ወንድሜ፣ ሌጦውን አደራ፣ በጡጫ ግፈፍልኝ" አልኩት። "እሺ እትዬ፣ ችግር የለም" አለኝ። ቡና ላቀራርብ ገብቼ ስወጣ በቢላ ከቆዳው ጋር ይታገላል። 4 ቦታ በስቶታል። አንዱ ቀዳዳ ጀርባው መሐል ላይ ነው፣ አውራ ጣቴን ያሳልፋል። ሆዱና እግሩ ከተሰነጠቀ በኋላ የቢላ ሥራ እኮ አልቋል! በጉ ትኩስ ሳለ ጡጫ እያስገቡ ቢገፉት ቆዳው ራሱ ይለቃል። ይሄን የገጠር ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ግን ቢላ ያፈጥናል፣ እሱን ደግሞ ሌላ ቤት ይጠብቀዋል።

ይሁን፣ ቀዳዳ በመርፌ ይሰፋል አልኩ። እንግዳ ስቀበል ስሸኝ ዋልኩ፤ ሌጦው ጓሮ ተዘርግቷል ብዬ ነው። በማግስቱ ብፈልገው የለም። ለካ አራጁ ከነሙቀቱ ጠቅልሎ፣ ማዳበሪያ ውስጥ ጠቅጥቆ፣ አፉን አስሮ ማድቤት ምድጃው አጠገብ አኑሮታል። ስፈታው ሽታው ገፋኝ። ጠጉሩን ሳብ ሳደርገው ጭብጥ ሙሉ እጄ ላይ ቀረ። ከሥሩ ለቋል። አንዴ ጠጉሩ ከለቀቀ ምንም ቢደረግ አይመለስም።

ምን ነበር የሚፈልገው? ደሙን ማጠብ፣ ሞራውንና የተረፈ ሥጋውን መፋቅ፣ በዚያው ቀን በሰዓታት ውስጥ የሥጋውን ወገን ወደ ላይ ዘርግቶ ጨው መጎዝጎዝ። ለአንድ በግ ሌጦ 1 ኪሎ ደቃቅ ጨው ይበቃል። ጠርዙና የአንገቱ እጥፋት እንዳይረሳ፣ መበስበስ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ጨው ውሃውን ይስበዋል፣ የሚያበሰብሰው ነገር ደግሞ ያለ ውሃ አይራባም። ከዚያ ጥላ ላይ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ መወጠር። ፀሐይ ላይ አይሰጣም! እኛ ያለነው 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። የቀኑ ፀሐይ ላዩን እንደ ጣውላ አድርቆ ውስጡን እርጥብ ይተወዋል። ማልፋቱ ቀስ ብሎ ይደርሳል፤ አባቴ ተልባ እየቀባ በእግሩ እየረገጠ ቀናት ይፈጅበት ነበር።

ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን የጎረቤቴ ቃል ነው። ጨዉን ይዤ ስታየኝ "ውይ፣ ፋቂ ልትሆኚ ነው?" አለችኝ። ይሄ ቃል ነው ያደኸየን! የተኛንበትን ቁርበት፣ እህል ያጓጓዝንበትን ስልቻ፣ መንገድ የያዝነውን አገልግል ያለበሰውን ቆዳ ማን አለፋው? ያንን ሰው ቤታችን ደጃፍ ላይ አቁመን እያናገርን፣ በእጁ ሥራ ላይ ተኛን። ልጆቹም ስድቡን ሸሽተው ሙያውን ተዉት። አሁን ቆዳ ማልፋት የሚያሳየኝ ሰው ፍለጋ ከተማውን ዞርኩ፣ አንድም አላገኘሁም። ባንናቃቸው ኖሮ ዛሬ በየሰፈሩ ይኖሩ ነበር።

በሦስተኛው ቀን "ሌጦ ያለው!" እያለ አንድ ልጅ መጣ። ገለጥ አድርጎ አየና "ይሄማ በነጻም አይሆንም" ብሎ ሄደ። በዚያ ሰሞን ወንዝ ዳር ብወርድ የጣሉት ሌጦ ተከምሮ ውሻ ይጎትተዋል። የመንዝ በግ! በርኖስ የተሠራበት ጠጉር!

ለፋሲካ ጨዉን ከወዲሁ ገዝቻለሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ በጡጫ የሚገፍ አራጅ የምታውቁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ከሌላው ጨምሬ እከፍለዋለሁ። ቆዳ ማልፋት የሚችሉ አባት ወይም እናት ካሉም ንገሩኝ፣ እኔው ቤታቸው ድረስ እሄዳለሁ።