የውድድር ዝናር ለበቆሎ ጥበቃ አይሆንም፣ ስንቴ ይነገር?

ኧረ ጎበዝ! ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ በቆሎው እሸት ሲይዝ፣ ያው ወሬ ይመጣል። «ውጭ ላለው ልጅ ንገሩትና ያቺን ደረት ላይ የምትታሰረውን፣ ጥይት አራት አራት የሚነሳባትን ይላክልን።» የተኩስ ውድድሩን ቪዲዮ ሁሉም አይቶታል። ሰውዬው ሾትገኑን፣ ያን ፍንጣሪ የሚተኩሰውን ጠመንጃ፣ ገልብጦ ትከሻው ላይ ያስደግፍና ከደረቱ አራት ጥይት ባንዴ መንጭቆ፣ ሁለት ሁለት አድርጎ ወደ ካዝናው ይሰደዋል። ስምንት ጥይት ሲሞላ ዓይን መከተል አይችልም። ግሩም ነው፣ የዓመታት ልምምድ ነው። ግን ያ ሰው የሚሽቀዳደመው ከሰዓት ጋር ነው። ጅማ ዙሪያ፣ ማና ወይም ሰቃ ጨቆርሳ፣ በቆሎ ሊጠብቅ ማማ ላይ የሚያድር ሰው ሰዓት አይቆጠርበትም። እሱ የሚታገለው ከዝናብ፣ ከጭቃ፣ ከጨለማና ከእንቅልፍ ጋር ነው። ለአንዱ የተሠራ ዕቃ ለሌላው እንዴት ይሆናል?

መጀመሪያ ሥራው ምን እንደሆነ እንነጋገር። ዝንጀሮ የሚመጣው በቀን፣ በመንጋ ነው። ለእሱ ውሻ፣ ወንጭፍ፣ ጅራፍና ነቅቶ የሚያይ ሰው ነው መድኃኒቱ። የዱር አሳማና ጃርት በሌሊት ይመጣሉ፤ ለእነሱ እሳትና ቆርቆሮ መደብደብ አለ። ጠመንጃ የመጨረሻው ነው፣ ያውም ፈቃድ ያለው ጠመንጃ፣ ያውም ለድምፁ። የጦር መሣሪያ አዋጁ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል፤ የዱር እንስሳት አዋጁ ቁጥር 541/1999 ደግሞ ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል። ስለዚህ በአንድ ሌሊት የሚተኮሰው አንድ ነው፣ ቢበዛ ሁለት። አምስት ጥይት ይዞ ማማ ላይ የወጣ ሰው በቂ ይዟል። አሁን ንገሩኝ፣ አንድ ጊዜ ለሚተኩስ ሰው ስምንት ጥይት በቅጽበት የሚሞላበት ዕቃ ምን ይሠራለታል?

እሺ፣ ዕቃውን ራሱን በቅርበት እንየው። ያቺ የውድድር መያዣ ጥይቱን በክዳን አትይዝም፣ በማሰሪያም አትይዝም። የፕላስቲክ ወይም የብረት ምላስ ጥይቱን ከጎኑ ጫን ብላ ነው የምታቆየው፣ ፊት ለፊቱ ክፍት ነው። የተፈለገውም ይኸው ነው፤ እጅ ሲጎትት ያለ ምንም ተቃውሞ እንዲወጣ። እጅ ሲጎትተው ቶሎ የሚወጣ ነገር ደግሞ የቡና ቅርንጫፍ ሲጎትተውም ቶሎ ይወጣል። በቆሎ መሐል ገብታችሁ ሃያ እርምጃ ሂዱ፣ አገዳው በሁለት በኩል ደረታችሁን እየጠረገ ነው የምታልፉት። አራቱ ጥይት የት እንደወደቀ በጨለማ፣ በጭቃ ውስጥ ማን ይፈልገዋል? ጠዋት የሚያገኘው ከብት ይዞ የሚያልፍ ሕፃን ነው። ይሄ ብቻውን ዕቃውን ለማስቀረት በቂ ነበር።

ደግሞ ማማ ላይ የሚያድር ሰው ምን እንደሚለብስ የረሳነው ይመስላል። ጋቢ ይደርባል፣ ከላዩ ካፖርት ወይም ላስቲክ። ጅማ ክረምቱ ረጅም ነው፣ ዝናቡ መስከረምም ላይ ቶሎ አይለቅም። ደረት ላይ የተደረደረ ጥይት በጋቢ ሥር ነው፤ ለማውጣት ጋቢውን መግለጥ፣ ላስቲኩን መክፈት፣ ከዚያ በብርድ በደነዘዘ እጅ መዳሰስ ነው። ከጋቢው በላይ ይታሰር ካላችሁ ዝናብ ይመታዋል። መሰላል ሲወጡ ደግሞ ደረት ከመሰላሉ ጋር ይፋተጋል። ከላይ ምላሱ ይሰበራል፣ ከታች ጥይቱ ይረግፋል።

«ቢሆንም ለመሙላት ይፈጥናል» የሚለው ክርክር ደግሞ ከሁሉም በላይ ያናድዳል፤ ምክንያቱም አይፈጥንም። አራት ጥይት ባንዴ መንጭቆ ሁለት ሁለት አድርጎ ማስገባት የሚቻለው በተቀየረ ጠመንጃ ነው። የተወዳዳሪው ሾትገን ከሥሩ ያለው መሙያ ቀዳዳ በባለሙያ ሰፍቷል፣ ጠርዙ በሞረድ ተስተካክሏል፣ ጥይቱን ወደ ላይ የምታነሳው ምላስ አውራ ጣትን እንዳትነክስ ተሠርታለች። ባልተነካው ጠመንጃ ላይ ያንን የቪዲዮ አሞላል የሞከረ ሰው ጥፍሩን ያስነቅላል፣ ሁለተኛው ጥይት ደግሞ አፉ ላይ ተጋድሞ ይቀረቀራል። ብየዳ ቤት ወስዶ ማስፋት የሚባል ነገር እንዳታስቡ። ያ ብረት የሚሸከመው ግፊት ቀልድ አይደለም፣ ፈቃዱም ለተቀየረ መሣሪያ አልተሰጠም። ጠመንጃው ባለ ሁለት አፈሙዝ፣ ከወገቡ ተሰብሮ የሚከፈተው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ ካዝና የለውም፣ የሚገባው ሁለት ጥይት ነው፣ የአራት መያዣው ለምን?

የተራዘመ ካዝናም ያው ነው። ከአፈሙዙ ሥር የሚቀጠለው ቱቦ ጥይት ሲሞላ ክብደቱ በሙሉ ወደ ፊት ይሄዳል። አንድ ባለ 12 ጌጅ (ጌጅ የአፈሙዝ ስፋት መለኪያ ነው) ጥይት እንደ ዓይነቱ ከ35 እስከ 50 ግራም ይመዝናል፤ ስምንቱ ሲደመር ከ280 እስከ 400 ግራም ነው። በውድድር ሜዳ ይሄ ይወደዳል፤ አፈሙዙ ሲተኮስ እንዳይዘል ያደርገዋል። ከአስፋልቱ ወርዶ አንድ ሰዓት ዳገት ለሚሄድ ሰው ግን ክንድ ነው የሚቆርጠው። ቱቦው ቀጭን ቆርቆሮ ነው፣ ድንጋይ ላይ ወድቆ ትንሽ ከተሰረጎደ ውስጥ ያለው ገፊ ይያዛል፣ ጥይት አይመጣም። ረጅሙ ሞላ ደግሞ በጭቃና በእርጥበት ይዝጋል፤ እሱን ፈቶ የሚያጸዳ የለም።

ክብደት ካነሳን ስለ ማንገቻ። የዲስክ መምቻ ጠመንጃ፣ አየር ላይ የሚወረወር ዲስክ ለሚመታበት ውድድር የሚሠራው፣ ብዙውን ጊዜ ማንገቻ የሚታሰርበት ቀለበት እንኳ የለውም። ተኳሹ በሳጥን ያመጣዋል፣ መቆሚያው ላይ ያሳርፈዋል፣ ተራው ሲደርስ ያነሳዋል። እዚህ ሰው በአንድ እጁ ባትሪ፣ በሌላው ዱላ ወይም ጥላ ይዞ ነው የሚሄደው፤ ጠመንጃው ትከሻ ላይ ካልተንጠለጠለ የት ይሂድ? ደግሞ ብዙዎቹ የትራፕ ጠመንጃዎች (ትራፕ ዲስኩ ከተኳሹ እየራቀ የሚሄድበት ውድድር ነው) ሴፍቲ፣ ማለትም ቃታውን የሚቆልፈው ነገር፣ የላቸውም፣ ወይም ተቆልፎ እንዳይሠራ ተደርጓል። ሜዳ ላይ ዳኛ አለ፣ ትእዛዝ አለ፣ ተራ ሳይደርስ ጥይት አይገባም፣ ጠመንጃው ተከፍቶ ነው የሚያዘው። ቃታውም ስስ ነው፣ ተነካ ማለት ተተኮሰ ማለት ነው። ማማ ላይ አባት፣ ልጅና የጎረቤት ልጅ ተጠጋግተው በሚያድሩበት ቦታ ሴፍቲ የሌለው፣ ቃታው ስስ የሆነ መሣሪያ ማስገባት ምን ይባላል? እግዚአብሔር ያውጣን ነው።

አነጣጠሩም ሌላ ጣጣ አለው። የትራፕ ጠመንጃ ሆን ተብሎ ወደ ላይ እንዲመታ ነው የሚሠራው። ዲስኩ 110 ሚሊሜትር ስፋት ያለው፣ 105 ግራም የሚመዝን ሸክላ መሳይ ነገር ነው፤ ከጉድጓድ ተወርውሮ እየወጣ ስለሚሄድ ተኳሹ እንዳይሸፍነው ፍንጣሪው አብዛኛው ከተነጣጠረበት በላይ ያርፋል። መሬት ላይ ላለ ነገር ይሄ ማለት በላዩ ማሳለፍ ነው። ፈቃድ ተሰጥቶት ለሚተኩስ ሰው እንኳ አቁስሎ መልቀቅ ወይም መሳት ነው ትርፉ። ለማነጣጠር ጠመንጃው ላይ የሚገጠመው ባለ ቀይ ነጥብ መነጽርም እንዲሁ፤ በጅማ የጠዋት ጉም መስታወቱ ላይ አንድ የውሃ ጠብታ ስታርፍ ነጥቡ አምስት ቦታ ይበተናል፣ ባትሪው ደግሞ ያለቀ ዕለት ነው የምትፈልጉት።

ጥይቱ ላይ ግን ረጋ ብለን እንነጋገር፣ ምክንያቱም እዚህ ጋ ነው እውነተኛው ችግር ያለው። የኦሎምፒክ ዲስክ ጥይት የእርሳሱ ክብደት ቢበዛ 24 ግራም ነው፣ ፍሬዎቹም ጥቃቅን ናቸው። ለድምፅ ብቻ ከሆነ እሱ ይበቃል፣ ይሄን ማመን አለብን፤ ትከሻም አይመታም። ግን በጋዝ የሚሠራ፣ ለከባድ ጥይት የተስተካከለ አውቶማቲክ ሾትገን ውስጥ ስታስገቡት ግፊቱ ማቀባበያውን እስከ ኋላ አይወስደውም፣ ቀለሁ መስኮቱ ላይ ተሰንቅሮ ይቀራል። ባለ ሁለት አፈሙዙ ግን ግድ የለውም። 2.4 ሚሊሜትር ገደማ የሆነው ጥቃቅኑ ፍሬ እንኳ እስከ 200 ሜትር ገደማ ሊደርስ ይችላል፤ ከ8 ሚሊሜትር በላይ የሆነው ትልቁ ፍሬ ደግሞ ከ600 ሜትር ያልፋል። የጎረቤት ጎጆ ስንት ሜትር ላይ ነው? ሰማይ ላይ ተኩሼ ነው የሚባለውም አያድንም፣ የወጣው ይወርዳል። ሰው የሌለበት ተዳፋት በቀን መርጦ ማወቅ ነው፤ በሌሊት አይመረጥም።

እርጥበቱ ነው ጥይቱን የሚገድለው። ብዙ ሰው የጥይቱ ቂጥ ነሐስ ይመስለዋል፤ ርካሹ ጥይት ላይ ብዙ ጊዜ ነሐስ የተቀባ ብረት ነው፣ ይዝጋል። የዛገ ቂጥ ይወፍራል፣ ወደ ጥይት ቤቱ አይገባም፤ በግድ ከገባ ቀለሁ አይወጣም። ደረት ላይ በክፍት መያዣ ተደርድሮ ሳምንት ሙሉ ዝናብ የበላ ጥይት መጨረሻው ይሄ ነው። መላው ቀላል ነው፤ ቤት ውስጥ ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ደረቅ የፕላስቲክ ዕቃ ማስቀመጥ፣ ለሌሊቱ አምስት ብቻ ማውጣት፣ ጠዋት በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ መመለስ። የዛገ፣ ያበጠ፣ አፉ የተከፈተ ጥይት ይለይ፣ ወደ ጠመንጃ አይግባ። ዘይት ጥይት ላይ አይቀባም፣ ዘይት መቀጣጠያው ውስጥ ከገባ ያከሽፈዋል። ብረቱ ላይም የምግብ ዘይት አይቀባም፤ ይደርቅና እንደ ሙጫ ይይዛል።

አባቶቻችን ዝናር የሚሉት ነገር እኮ ነበራቸው። ወገብ ላይ ይታሰራል፣ ጋቢው ከላይ ይወርድበታል፣ እጅ ከሥር ገብቶ ያገኘዋል፣ ክዳኑ ዝናብም ቅርንጫፍም ይመልሳል። እንከን የለውም አይባልም። ቆዳው ውስጥ ለወራት የተቀመጠ ነሐስ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል፣ ስለዚህ ዝናር መያዣ እንጂ ማስቀመጫ አይደለም። የቆዳው ቀለበትም ከጊዜ ብዛት ይላላል። ለዚህ ወፍራም ሸራ ይሻላል። ሂርማታ ገበያ ሸራ የሚሰፋ ሰው አይጠፋም፤ አምስት ኪስ፣ እያንዳንዱ ጥይቱ ላላ ሳይል የሚገባበት፣ 7 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በላዩ አንድ ሰፊ ክዳን በቁልፍ የሚዘጋ። ከታች ውሃ የሚወጣበት ትንሽ ቀዳዳ ይኑረው። በቃ። ይሄ ዕቃ ከባሕር ማዶ መምጣት የለበትም።

አፈሙዝን በጭቃ ላይ የሚያስደግፉትን ደግሞ ምን እንበል! አፈሙዙ ጫፍ ላይ የተደፈነ ጭቃ ሲተኮስ አፈሙዙን ሊሰነጥቀው ይችላል፣ የፊት እጅን ይዞ ይሄዳል። በዝናብ ሲሄዱ ጥይቱን አውጥቶ፣ አፈሙዙን ወደ ታች አድርጎ ማንገት። ማማ ላይ ከመውጣት በፊት ከፍቶ፣ ባዶ መሆኑን አይቶ፣ ከጥይት ቤቱ በኩል በውስጡ ብርሃን ማየት። ተርብ ጭቃ የምትሠራበትም ጊዜ አለ፣ ሳምንት የተቀመጠ ጠመንጃ ሳይታይ አይጎረስም።

ከውድድር ሜዳ መምጣት ያለበት አንድ ዕቃ አለ፣ እሱን ግን ማንም አይጠይቅም። የጆሮ መከለያ። የ12 ጌጅ ተኩስ ጆሮ አጠገብ ከ150 ዴሲቤል በላይ ነው፤ ማማው ጣሪያ ካለው ደግሞ ድምፁ ተመልሶ ይመታል። ተኳሹ ብቻ አይደለም፣ አጠገቡ የተኛው ልጅም ጆሮው አብሮ ይጎዳል፣ የተጎዳ ጆሮ ደግሞ አይመለስም። ባትሪ ያለው ዓይነት አለ፤ ዝቅተኛውን ድምፅ ያሰማል፣ አሳማው በቆሎውን ሲሰብር ይሰማል፣ ተኩሱን ግን ይቆርጣል። ባትሪ የሌለው ተራውም ይሠራል። ስለዚህ ውጭ ያለው ልጅ «ምን ልላክ?» ካለ፣ የደረቱን ነገር ይተውና ሁለት የጆሮ መከለያ ይላክ፤ አንዱ ለአባት፣ አንዱ ለልጅ።